የቪዲዮ ማሳያ ፈጠራ የፈጠራ ብቃት የሚመዘንበት አግባብ

በኢትዮጵያ ፓተንት የሚሰጠው ስለ ፈጠራ፣ አነስተኛ ፈጠራና ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ በወጣው አዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ነው። ማመልከቻው የሚቀርበው ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሲሆን፣ ፈጠራው አዲስ፣ የፈጠራ ብቃት ያለውና በኢንዱስትሪ ሊሠራበት የሚችል መሆን ይኖርበታል። መመዘኛዎቹ የተለያዩ በመሆናቸው፣ አዲስ የሆነ ሁሉ ፓተንት ያገኛል ማለት አይደለም።

የፈጠራ ብቃት ምንነት

ፈጠራው ማመልከቻው ከመቅረቡ በፊት በየትኛውም የዓለም ክፍል በጽሑፍ፣ በቃል፣ በአገልግሎት ወይም በሌላ መንገድ ለሕዝብ ከተገለጸው ዕውቀት አንጻር ይታያል። በሙያው መደበኛ ችሎታ ላለው ሰው ግልጽ ካልነበረ የፈጠራ ብቃት አለው ይባላል። ከተሠራ በኋላ ቀላል መስሎ መታየቱ ብቻውን ብቃቱን አያሳጣውም።

ማሳያ

በአንድ ስክሪን ላይ አራት ቪዲዮዎችን በየመስኮቱ የሚያሳይ መሣሪያ ቀረበ እንበል። ስክሪንን መከፋፈል በጥበቃ ካሜራዎችና በቴሌቪዥን ስቱዲዮዎች የታወቀ ነው። መስኮቶቹን ወደ ስድስት ማሳደግ ወይም ቦታቸውን መለዋወጥ ለባለሙያው ግልጽ ነው። በአንጻሩ መሣሪያው ባለሙያው ከነባሩ ዕውቀት በቀላሉ በማይደርስበት አሠራር፣ ቪዲዮዎቹን ሁሉ በአነስተኛ አቅም ሳይቆራረጡ የሚያሳይ ከሆነ ብቃት ሊኖረው ይችላል።

የታወቁ ክፍሎችን ማጣመር በራሱ ፓተንት አያስከለክልም፤ ዋናው ጥያቄ ጥምረቱ ከሚጠበቀው ውጤት ያለፈ ነገር ያስገኛል ወይ የሚለው ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 በኬኤስአርና በቴሌፍሌክስ መካከል በነበረው ክርክር፣ የሚስተካከል የመኪና ፔዳልን ከኤሌክትሮኒክ ሴንሰር ጋር ማጣመር ግልጽ ነው ሲል ወስኗል። ውሳኔው በኢትዮጵያ አስገዳጅ ባይሆንም አመዛዘኑን ለመረዳት ይጠቅማል።

አመልካቾች ሊያውቋቸው የሚገቡ

• የኮምፒዩተር ፕሮግራም በአዋጁ ፓተንት ከማይሰጣቸው አንዱ ነው። ስለሆነም የመሣሪያው ቴክኒካዊ አሠራር በመግለጫው በዝርዝር ሊቀመጥ ይገባል።
• አመልካቹ ፈጠራውን አስቀድሞ ለሕዝብ ከገለጸ፣ በ12 ወራት ውስጥ ማመልከት አለበት። ጊዜው ካለፈ የራሱ መግለጫ ለውድቅነት ምክንያት ይሆንበታል።
• የፈጠራ ብቃት የሚጎድለው አነስተኛ ፈጠራ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ሊያገኝ ይችላል። ሰርተፊኬቱ ለ5 ዓመት የሚያገለግል ሲሆን ለተጨማሪ 5 ዓመት ይታደሳል። የፓተንት ዘመን ግን 15 ዓመት ሆኖ፣ ፈጠራው በኢትዮጵያ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ በ5 ዓመት ሊራዘም ይችላል።
• የተሰጠ ፓተንት መስፈርቱን አያሟላም የሚል ባለጉዳይ እንዲሰረዝ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። የአእምሯዊ ንብረት ክርክሮች በአዲስ አበባ በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ይታያሉ።