ሙቀጫ፣ ዘነዘናና ኮሶ በእንጦጦ

ሙቀጫና ዘነዘና በደጋው ቤት ለጓዳም ለመድኃኒትም የሚያገለግሉ ዕቃዎች ናቸው። ቡና፣ በርበሬና ኮረሪማ የሚወቀጥበት ሙቀጫ ቅጠልና ሥር፣ የኮሶ አበባና የእንቆቆ ፍሬም ይወቀጥበት ነበር።

የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች የእንጨት ሙቀጫ በቶርኖ ይሠራ ነበር፤ የሐበሻው ግን ሙሉ በሙሉ የእጅ ሥራ ነው። ጠራቢው ከአንድ ግንድ ላይ በመጥረቢያ ቅርጽ ያወጣለታል፤ ውስጡን በመሮ ይፈለፍለዋል፤ ሲወቀጥበት እንዳይናወጥ መቀመጫውን ሰፊ ያደርገዋል። እንጨቱ በፀሐይ ቶሎ ከደረቀ ስለሚሰነጠቅ በጥላ ሥር ይቆያል። ወይራ ጠንካራና ከባድ በመሆኑ የዘነዘናን ምት ይችላል። ዋንዛ ደግሞ ለመጥረብ ይገራል፤ ነገር ግን ከእንጦጦ ብርድ ይልቅ ወይና ደጋ ይስማማዋል።

እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ያለችበት ተራራ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ የሚበቅሉበት ደጋ ነው። ከእነዚህ ዛፎች መካከል ኮሶ ራሱ መድኃኒት ነበር። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የኮሶ ትል የተለመደ ሕመም በመሆኑ፣ ብዙ ሰው በየጊዜው ኮሶ ይጠጣ ነበር። ቀላ ያለው የሴቴው ዛፍ አበባ ደርቆ ይደቅቃል፤ ዱቄቱ በውኃ ተበጥብጦ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል። ጣዕሙ እጅግ መራራ ነው፤ የጠጣ ሰውም ያን ቀን ከቤት አይወጣም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ዛፉን ለአውሮፓ ካስተዋወቀ በኋላ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አበባው በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ጀመር።

ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓ.ም. በእንጦጦ ሲከትሙ የከተማው ሕዝብ ለማገዶና ለቤት ሥራ ደኑን ክፉኛ ጨፈጨፈው። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላም የእንጨት ችግሩ ባሰ። በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ማገዶና የቤት ማገር በመስጠት ከተማዋን ታደጋት። ሆኖም ሲደርቅ የመሰንጠቅ ጠባይ ስላለው ወይራን በሙቀጫ ሥራ አይተካም።

በሐኪም የሚታዘዙ የትል መድኃኒቶች ሲስፋፉ ኮሶ መጠጣት እየቀነሰ መጣ፤ የብረትና የኤሌክትሪክ መፍጫም የእንጨቱን ሙቀጫ ከብዙ ጓዳ አስወጣው። ሙቀጫው ባለበት ቤት ግን ዛሬም ቡናና ቅመም ይወቀጥበታል። ስለዚህ አሮጌ ሙቀጫ ሲገኝ ከዕቃነቱ ባሻገር የጠራቢውን እጅ፣ የጓዳውን ሙያና የጠፋውን ደን የሚያስረዳ ቅርስ ነውና በአግባቡ ሊጠበቅ ይገባል።