የእህቴ ቋንጣና «ደስታ»

እህቴ ለንደን ለሚኖረው ልጇ በፈጣን የአየር መልእክት ጥቅል ላከችለት፤ ሽሮ፣ በርበሬና ሁለት ኪሎ የሚሆን ቋንጣ። ቋንጣው ብዙ የተደከመበት ነው። ሥጋውን ዘልዝላ፣ በበርበሬና በጨው ለውሳ፣ ጓዳ ገመድ ላይ ሰቅላ ሳምንት ሙሉ ዝንብ ስታባርር ከርማለች። ሽሮውና በርበሬው ደረሰ። በቋንጣው ፈንታ ግን ልጁን የጠበቀው ወረቀት ነው፤ የእንስሳት ውጤት ስለሆነ ተወግዷል ይላል።

«ለገዛ ልጄ መርዝ የምልክ መሰላቸው?» አለችኝ። የቤተሰቡ «ምሁር» እኔ ነኝና መልሱን ከእኔ ትጠብቃለች።

«ኳራንቲን» የሚለው ቃል የመጣው ከ40 ቀን ነው። ቬኒስን የመሳሰሉ ወደቦች ወረርሽኝ ካለበት አገር የመጣን መርከብ 40 ቀን ያቆሙት ነበር። ዋናው ፈታሽ ጊዜ ነበር ማለት ነው። በ3 ቀን አደርሳለሁ ብሎ ቃል የገባ ድርጅት 40 ቀን ከየት ያመጣል? ስለዚህ ፍተሻው ወደ ቅጽ፣ ወደ ራጅ መሣሪያና ወደ ውሻ አፍንጫ ዞረ። (እህቴ ቅጹ ላይ «ደረቅ ምግብ» አስብላ ነበር፤ ውሻ ግን ቅጽ አያነብም።) እንግሊዞቹ ቢፈሩ አይፈረድባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2001 የአፍና የእግር በሽታ ገብቶባቸው ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት አስወግደዋል። መነሻው በሕገ ወጥ መንገድ ገብቶ ለአሳማ በተሰጠ ትራፊ ውስጥ የነበረ ሥጋ ሳይሆን አይቀርም ተብሏል።

እኛስ? እ.ኤ.አ. በ1887 ገደማ ምጽዋ ለሰፈረው የኢጣሊያ ጦር ከሕንድ ከብት መጣ፤ በሽታውም አብሮ ወረደ። አማርኛችን ይህን በሽታ፣ ጉድ ነው መቼም፣ «ደስታ» ይለዋል። ከ10 ከብት 9ኙን ያህል ፈጀ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት፤ እስከ 1892 የዘለቀው ክፉ ቀን ሆነ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ክፉ ቀንን ስንት ጊዜ ክፍል ውስጥ አንስቼዋለሁ፤ ስለ ረሃቡ እንጂ ስለ መርከቡ ግን አስቤ አላውቅም።

ይኸው በሽታ እ.ኤ.አ. በ1920 ከሕንድ ወደ ብራዚል በሚጓዙ ከብቶች አማካይነት በአንትወርፕ ወደብ በኩል ቤልጂየም ገባ። በ1924 28 አገሮች ፓሪስ ላይ ዓለም አቀፍ የእንስሳት በሽታ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። ዛሬ የእህቴን ቋንጣ የሚያስጥሉ ደንቦች አንዱ ሥራቸው እዚያ ነው። እኛ ስናልቅ የተከፈተ ቢሮ አልነበረም። «ደስታ» ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2011 ነው።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ተረኩላት። ቡናዋን እየቀዳች ጸጥ ብላ ሰማችኝ።

«ታዲያ ያን ጊዜ የእነሱን በሬ ማን ፈተሸው?» አለች።

ለፋሲካ ሽሮና በርበሬ ብቻ ልትልክ ነው።