ስፒልና መርፌ

ሰሞኑን የዓመቱን ሒሳብ ለመዝጋት ቢሮ እያመሸን ነበር። ሙዚቃ የከፈትነው እንቅልፍ እንዲያባርርልን ነው፤ ኋላ ግን ደረሰኙን ትተን እርሱን ማዳመጥ ያዝን። ሸክላው «ፒንስ ኤንድ ኒድልስ» ይባላል፤ «ስፒልና መርፌ» እንደማለት ነው።

በዘፈንና በአጫጭር ጭውውት የተሠራ የኒውዮርክ ተውኔት ነው። ያዘጋጀው የሴቶች ልብስ ሰፊዎች የሠራተኛ ማኅበር ሲሆን፣ አብዛኞቹ አባላቱ ሴቶች ነበሩ። ተዋንያኑንም ከውጭ አልቀጠረም፤ ከራሱ ቆራጮችና ሰፊዎች መካከል መረጠ። ዘፈኖቹን የደረሰላቸው ሃሮልድ ሮም ነው። ልምምዱ ከሥራ መልስ ነበር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 27 ቀን 1937 ሲከፈት የሚታየው ዓርብና ቅዳሜ ማታ ብቻ ነው፤ በሌላው ቀን ስፌት አለ! እንዲህ ተጀምሮ 1,108 ጊዜ ታየ። ዋይት ሐውስ ድረስ ተጠርተው በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ፊት ተጫውተዋል።

አንዱ ዘፈን ኮሌጅ ጨርሳ ሱቅ ውስጥ የውስጥ ልብስ ስለምትሸጥ ልጅ ነው። ዲፕሎማችንን ይዘን ሥራ ፍለጋ የተንከራተትን ሰዎች እናውቃታለንና ሳቃችን መጣ። ሌላው ሙሶሊኒንና ሂትለርን የሰላም መላእክት አድርጎ ያፌዝባቸዋል። ያን ጊዜ አገራችን በሙሶሊኒ ጦር ተይዛ፣ አርበኞቻችን ዱር ቤቴ ብለው ነበር። ቀን ልብስ ሲሰፉ የዋሉ ሰዎች ማታ መድረክ ወጥተው እንደዘበቱበት እስከዛሬ አናውቅም ነበር።

እኛ የሰማነው ሸክላ ግን የተቀረጸው ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ1962 ነው። የሚዘፍኑት ባለሙያዎች ናቸው፤ ሃሮልድ ሮም ራሱና ገና ወጣቷ ባርብራ ስትራይሳንድ አሉበት። እርሷስ ታምራለች፣ አይካድም። የሰፊዎቹ ድምፅ ግን የለበትም።

ይህን ስናስብ የማኅበራችንን የመጀመሪያ የቁጠባ መዝገብ አወጣን። ስም አለ፣ የብር መጠን አለ፣ መጻፍ ያልቻሉት የጣት አሻራ አለ። ጥጥ እየፈተሉ ያንጎራጉሩት የነበረው የለም፤ በየትኛው ዓምድ ይገባል? ከመሥራቾቹ ዛሬም እንዝርት የሚይዙት አንዲት እናት ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ዘንድሮ ደክመዋል።

ቅዳሜ ስልካችንን ይዘን ቤታቸው ሄድን።

«ምን ልታደርጉት ነው ልጆቼ? ልትሸጡት ነው?» አሉን።

«ኧረ እማማ፣ ልናስቀምጠው ነው» አልናቸው።

አቦሉ እስኪጠጣ ዝም አሉ። ቶናው ላይ ጀመሩ። 11 ደቂቃ አለን።