ከሲሚንቶው በፊት

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው አምበር የእህል አገር ናት። ከጤፍና ከስንዴው ማሳ መሃል ጥድና ወይራ ተሰብስቦ ከታየ፣ ብዙውን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የአገሩ ሙታንም ያረፉት እዚያው ቅጥር ውስጥ ነው። ዛሬ በየደብሩ ቅጥር ፎቶ የተለጠፈበት የሲሚንቶ ሐውልት እየበዛ መጥቷል። የቀድሞው ባላገር መቃብር ግን በአብዛኛው ስም የሌለው የድንጋይ ክምር ነበር። ይህ ሟችን ከመርሳት የመጣ አይደለም፤ ያው ባላገር ለተዝካር ሲሆን ጎተራውን ያራግፋልና። ከሣልስቱ ጀምሮ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ፣ አንዳንዴም ሰባት ዓመቱ ይታሰባል። ሀብቱ የሚወጣው ለድንጋይ ሳይሆን ስሙን ጠርቶ ለሚጸልይ ካህንና ከደጅ ለሚቀመጥ ድኻ ነበር። ዘላቂ መታሰቢያ ይሉት የነበረው፣ በሕይወት ያለውን ሰው ደጋግሞ ሥራ የሚያስይዘውን ነው እላለሁ።

ጽሑፍስ አልነበረም ወይ? ነበር እንጂ። አቅም ያለው ለነፍሱ መታሰቢያ ብራና አጽፎ ለደብር ይሰጣል፤ ጸሐፊውም በጸሎቱ መሃል የክርስትና ስሙን በቀይ ቀለም ያስገባል። መጽሐፉ ባለቤት ሲለውጥ ግን ስሙ የሚፋቅበት ጊዜ ብዙ ነው። በተፋቀው ቦታ ብራናው ይሳሳል፣ ይሻክራል፤ አዲሱ ስም ረዘም ካለ ፊደሉ ተጨናንቆ ይገባል፣ ካጠረ ባዶ ቦታ ይተርፋል። ብራና ላይ የሰፈረ ስም እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ መታሰቢያን ለዕቃ ብቻ አደራ መስጠት አያዋጣም።

ተዝካር ስንቱን ባለዕዳ አድርጎ የለም ወይ የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ደርግም ድግሱን በብክነት የነቀፈው ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን ያከሰረው ድግሱ እንጂ ጸሎቱና ምጽዋቱ አይደለም፤ ለይሉኝታ የሚደገስ ሠርግም ያከስራል። ከዚህ የከበደው ክርክር ሌላ ነው፦ ድሮ ስሙ የሚጻፈው የባለጸጋው ነበር፣ ሲሚንቶ ግን ለተራው ሰው ስም ሰጠው። ይህን አልክድም። ሆኖም ተራው ሰውም በፍትሐቱ በክርስትና ስሙ ይጠራ ነበር፤ ሐውልቱ ደግሞ ዛፍ ሊበቅልበት የሚችለውን መሬት እየያዘ ነው። ስለዚህ ሐውልት ልታሠሩ ያሰባችሁ፣ ከዋጋው ቀንሳችሁ ለቅጥሩ የጥድ ችግኝ ትከሉ፤ የሟቹንም የክርስትና ስም ልጆቻችሁን አስጠኑ።