አንድ ጎራሹ የልጅ ጠመንጃ፤ አመጣጡ፣ አሠራሩና የሚጠይቀው ኃላፊነት

ልጅ ሲያድግ ሱሪው ያጥረዋል፤ ጫማውም ይጠበዋል። በአሜሪካ ገጠር ደግሞ ከእነዚህ ጋር ተቈጥሮ የሚያጥር አንድ ሌላ ዕቃ አለ፤ ይኸውም የልጁ የመጀመሪያ ጠመንጃ ነው። ለትንሽ ልጅ በሚሠራው ጠመንጃ ላይ ከሰደፉ ጫፍ እስከ ቃታው ያለው ርቀት 29 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ለሙሉ ሰው በሚሠራው ላይ ወደ 34 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በእነዚህ በአምስቱ ሳንቲ ሜትሮች መካከል የአንድ ሰው ልጅነት ያልፋል። ነገር ግን ልጁ ጠመንጃውን የሚተወው ክንዱ ስለረዘመ ብቻ አይደለም። አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሰው መሣሪያ ለፍላጎቱም ስለሚያንሰው ነው። ስለዚህ የዚህ መሣሪያ ታሪክ የአንድ ማሽን ታሪክ ብቻ ሳይሆን፣ ለልጅ ምን ያህል ኃይል በእጁ ሊሰጠው ይገባል የሚለው ጥያቄ ታሪክም ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የዚህ ጠመንጃ መነሻ ጥይቱ ነው። በ1857 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው ድርጅት ለትንሽ ሽጉጥ ብሎ ያወጣው ባለ 22 ካሊበር ጥይት፣ አረሩን፣ ባሩዱንና ማቀጣጠያውን በአንድ ቀለህ ውስጥ ያጠቃለለ ነበር። ከዚያ በፊት ባሩዱን ለብቻ፣ አረሩን ለብቻ በአፈሙዝ ማጉረስ የተለመደ ስለነበረ፣ ሥራው ለልጅ እጅ የሚመች አልነበረም። በ1864 በማሳቹሴትስ፣ ቺኮፒ ፎልስ በተባለ ቦታ በጆሹዋ ስቲቨንስ የተመሠረተው ፋብሪካ በ1887 የዚህን ጥይት ረዘም ያለ ዓይነት አወጣ። 2.6 ግራም ያህል የሚመዝነው የዚህ ጥይት አረር ዛሬም ድረስ በዓለም ላይ እጅግ ከተስፋፉት ውስጥ ነው። ዋጋው ርካሽ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ወደ ትከሻ የሚመልሰው ግፊትም ከቁጥር የማይገባ ስለሆነ፣ ከእርሻ ቤት ዙሪያ ጥንቸልና ሽኮኮ ለሚያድን ልጅ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ።

ስቲቨንስ በ1890ዎቹ «ፌቨሪት» ብሎ የሰየመውን፣ ክብደቱ ሁለት ኪሎ ገደማ የሆነውን አንድ ጎራሽ ጠመንጃ ለገበያ አቀረበ። ይህ መሣሪያ እስከ 1935 ድረስ ሲሠራ ቆይቶ በብዙ መቶ ሺሕ ለሚቈጠሩ ልጆች የመጀመሪያ ጠመንጃ ሆነ። ከእርሱም ጐን «ክራክ ሾት» እና «ሊትል ስካውት» የሚባሉ ታናናሾች ወጡ፤ ስማቸው ብቻ ለማን እንደታሰቡ ይናገራል።

በዚሁ ዘመን ሬሚንግተን ያደረገው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርብ ነው። የሬሚንግተን አንድ ጎራሽ የጦር ጠመንጃ በ1875 በጉንደት፣ በ1876 ደግሞ በጉራ ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ጋር የተዋጋው የግብፅ ጦር ታጥቆት የነበረው፣ ከድሉም በኋላ በብዛት የተማረከው መሣሪያ ነው። የሚዘጋው ክፍል በመዘውር ላይ እንደሚዞር ሽክርክሪት ወደ ኋላ ተንከባሎ የሚከፈት፣ ሲተኮስም መዶሻው ራሱ ከኋላው ገብቶ የሚደግፈው፣ ጠንካራና ቀላል ዘዴ ነበር። ሠራዊቶች ወደ ባለ ካዝና ጠመንጃ መሸጋገር በጀመሩ ጊዜ፣ ፋብሪካው ይህንኑ ዘዴ አሳንሶ በ1890 «ቁጥር 4» የተባለውን ትንሽ ጠመንጃ ሠራ፤ እስከ 1933ም ድረስ ሲያመርተው ቆየ። እንግዲህ በጉራ ሜዳ ጦር የታጠቀው አሠራር፣ ከአሥራ አምስት ዓመት ያህል በኋላ መጠኑ ተቀንሶ በአሜሪካ ልጅ እጅ ገባ ማለት ነው። ሠራዊት ያለፈበትን መሣሪያ ልጅ ተረከበው።

አንድ ጎራሽነቱ በመጀመሪያ የመጣው ልጅን ለማስተማር ታስቦ አልነበረም። ምክንያቱ ዋጋ ነው። ካዝና፣ የካዝና ምንጭና ጥይት መጋቢ የሌለው ጠመንጃ ጥቂት ክፍሎች ብቻ ስላሉት፣ የሚፈልገው የማሽን ሥራና ማስተካከያ አነስተኛ ነው። በመሆኑም ድኻ ገበሬም ሊገዛው ይችል ነበር። ሆኖም ለቁጠባ የተደረገው ነገር ሳይታሰብ የትምህርት ዘዴ ሆነ። አንድ ጥይት ብቻ ያለው ልጅ ቢስት ሽኮኮው ያመልጠዋል፤ ስለዚህ ከመተኮሱ በፊት እንዲያስብ ይገደዳል። ከተኮሰም በኋላ መሣሪያው ባዶ ነው፤ እንደገና ለመተኮስ ከፍቶ፣ ቀለሁን አውጥቶ፣ ሌላ ጥይት በጣቱ አጉርሶ መዝጋት ይኖርበታል። አጠገቡ የቆመ አባት በዚህ ጊዜ ውስጥ ስሕተቱን አይቶ ለማረም ፋታ ያገኛል።

ዊንቸስተር ከ1934 እስከ 1963 ያመረተው «ሞዴል 67» ይህን ጠባይ ከሁሉ አጉልቶ ያሳያል። ልጁ ጥይቱን አጉርሶ ማቀባበያውን ቢዘጋም ጠመንጃው ገና ለመተኮስ አይዘጋጅም። ከበስተኋላ ያለውን ጉብጉብ እጀታ የጠንካራውን ምንጭ ግፊት አሸንፎ በእጁ ወደ ኋላ መሳብ አለበት። ማጉረስና ማዘጋጀት ሁለት የተለያዩ ተግባሮች ናቸው፤ ሁለተኛውም ያለ ፈቃድና ያለ ጉልበት አይፈጸምም። ፋብሪካው ከተራው 27 ኢንች አፈሙዝ ሌላ፣ አፈሙዙ 20 ኢንች፣ ሰደፉም አጠር ያለ የልጆች ዓይነት አውጥቶ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የጆን ብራውኒንግ ሥራ ልዩ ስፍራ አለው። በ1855 በዩታ፣ ኦግደን ከተማ የተወለደው ይህ የጠመንጃ ሠሪ ልጅ የመጀመሪያ ፓተንቱን በ1879 ያገኘው በአንድ ጎራሽ ጠመንጃ ላይ ነው። በ1883 የዊንቸስተር ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ ኦግደን ድረስ ተጕዞ መብቱን በ8,000 ዶላር ገዛው፤ መሣሪያውም «ሞዴል 1885» ተብሎ ወጣ። ነገር ግን ያው ሰው ብዙም ሳይቆይ ከወንድሙ ጋር ሆኖ በ1890 በዊንቸስተር ስም የወጣውን፣ እጀታው ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲሳብ ከካዝና የሚጎርሰውን ባለ 22 ካሊበር ጠመንጃ ነደፈ። በ1914 ደግሞ ቃታው በተሳበ ቍጥር ራሱን የሚያጎርስ ዓይነት በቤልጅግ ፋብሪካ በኩል አወጣ። ልጆች በየቤታቸው ያለፉበትን ጎዳና ንድፍ አውጪው አስቀድሞ በራሱ የሥራ ዘመን ተጕዞበታል ለማለት ይቻላል።

ልጁ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ጥያቄው ይመጣል፤ ጐረቤቱ ባለ ካዝና ይዟል፣ እርሱ ግን አሁንም አንድ በአንድ ያጎርሳል። በብዙ ቤት ትንሹ ጠመንጃ ለታናሽ ወንድም ወይም እህት ይተላለፋል፤ የልጅ ልጅ ድረስ የቆየም አለ። የ«ሞዴል 67» ምርት በቆመ በማግሥቱ፣ በ1964፣ ሩገር የተባለው ድርጅት አሥር ጥይት የሚይዝ ራስ አጎራሽ አወጣ። ይህም በሚሊዮን እየተሸጠ የአያሌ ልጆች ሁለተኛ፣ አንዳንዴም የመጀመሪያ ጠመንጃ ሆነ። ሕጉም ከዚህ ጋር ተለወጠ። ኒውዮርክ በ1949 ለአዲስ አዳኞች ትምህርትን ግዴታ አደረገች። በ1968 የወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ ጠመንጃ ሁሉ መለያ ቍጥር እንዲኖረው ሲያዝ፣ ነጋዴ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ለሆነ እንዳይሸጥ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ ልጁ ከሱቅ ስጦታውን የሚያገኘው በዐዋቂ ሰው እጅ ብቻ ነው፤ ኃላፊነቱም በዚያው ሰው ላይ ይወድቃል።

ይህ ኃላፊነት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በ2013 በኬንታኪ የደረሰው አደጋ አሳይቷል። አንድ የአምስት ዓመት ልጅ፣ ለእርሱ በስጦታ በተሰጠ አንድ ጎራሽ የልጅ ጠመንጃ የሁለት ዓመት እኅቱን ገደለ። መሣሪያው በቤቱ ጥግ ተደግፎ ነበር፤ ጥይት እንደጎረሰ ቤተሰቡ አላወቀም። ከጥቂት ዓመታት ልምድ የተገኘ ንድፍ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ በአለማወቅ በተነገረ ነበር። ነገር ግን ይህ አሠራር ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ነው። ታዲያ ጉድለቱ የት ላይ ነው?

መልሱ ከመሣሪያው ጠባይ ይገኛል። አንድ ጎራሽነት የሚከለክለው ሁለተኛውን ጥይት ነው፤ የመጀመሪያውን ግን በምንም አይከለክልም። ሰደፉ አጥሯል፣ አፈሙዙ አጥሯል፣ ክብደቱም ቀንሷል፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ የሚችለው አረር ግን ለዐዋቂ ከሚሠራው ጋር አንድ ነው። በእጅ የሚሳበው እጀታም ቢሆን ሲሳብ ያየ ልጅ ሊስበው ይችላል፤ ተስቦ ከተቀመጠም ዋጋ የለውም። ስለዚህ የጥንቃቄው ዋነኛ ክፍል በፋብሪካ የተሠራ አልነበረም፤ አጠገብ የቆመው ዐዋቂ ሰው ነበር። ሰውየው ከሌለ፣ ቍልፍ ያለው ሣጥን የእርሱን ቦታ መያዝ አለበት። ሣጥኑም ከሌለ፣ ንድፉ ጐደሎ ነው።

ለባለሙያ ይህ ታሪክ ከጠመንጃ ውጭም የሚሠራ ትምህርት አለው። የመሣሪያን መጠን ለተጠቃሚው አካል ማስማማት አንድ ነገር ነው፤ ኃይሉን ለተጠቃሚው ማስተዋል ማስማማት ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው በሳንቲ ሜትር ይለካል፤ ሁለተኛውን የሚለካ መሣሪያ ግን የለም፤ የሚገምተው ልጁን የሚያውቅ ሰው ነው። ክንዱ ከሰደፉ የረዘመ ልጅ ትልቁን ጠመንጃ ለመያዝ ደርሷል ይባላል። ነገር ግን ይገባዋል የሚያሰኘው የክንዱ ርዝመት አይደለም፤ አንድ ጥይት ብቻ በነበረው ጊዜ ሳይተኩስ የተመለሰባቸው ቀኖች ናቸው።