ፖል ስማርት 1000፦ የኢሞላን ድል የሚዘክረው የጣሊያን ሞተር ሳይክል

የጣሊያኑ ዱካቲ እ.አ.አ በ2006 ለገበያ ያቀረበው «ፖል ስማርት 1000 ኤልኢ» ቁጥሩ በ2,000 ብቻ የተወሰነ የመታሰቢያ ሞተር ሳይክል ነው። ከሩቅ ለሚያየው የ1970ዎቹ መጀመሪያ የእሽቅድምድም ሞተር ይመስላል፤ በውስጡ ግን የተሠራበትን ዘመን ቴክኖሎጂ ይዟል። ስያሜውም ሆነ ቀለሙ የተወሰደው በአንድ ቀን ውድድር የዱካቲን ዕጣ ፈንታ ከለወጠ ድል ነው።

የኢሞላው ዕለት

እ.አ.አ ኤፕሪል 23 ቀን 1972፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 15 ቀን 1964 ዓ.ም፣ ከቦሎኛ ብዙም በማትርቀው የኢሞላ ከተማ የ200 ማይል ውድድር ተካሄደ። ውድድሩ 750 ሲሲ ጉልበት ላላቸውና ለሕዝብ ከሚሸጡ ሞተር ሳይክሎች ለተወለዱ ማሽኖች የተዘጋጀ ነበር። የዘመኑ ኃያላን አምራቾች የተሰለፉበት ሲሆን፣ ኤም ቪ አጉስታ የዓለም ሻምፒዮኑን ጃኮሞ አጎስቲኒን አቅርቦ ነበር።

ዱካቲ በዚያ ጊዜ በጣሊያን መንግሥት ቁጥጥር ሥር የሚገኝ፣ ይበልጡን በአነስተኛ ሞተሮች የሚታወቅ ድርጅት ነበር። የመጀመሪያውን ባለ ሁለት ሲሊንደር 750 ሲሲ ሞተር ለገበያ ካቀረበ ገና አንድ ዓመት ገደማው ነው። የጃፓኑ ሆንዳ በ1969 ባወጣው ባለ አራት ሲሊንደር 750 ገበያውን ባናወጠበት ወቅት፣ አዲሱ የዱካቲ ሞተር ከዚህ ፉክክር መትረፉን የሚያረጋግጥ ነገር አልነበረም።

ዱካቲ ከመረጣቸው ጋላቢዎች አንዱ እንግሊዛዊው ፖል ስማርት ነበር። ጥሪው ሲመጣ ስማርት ለውድድር አሜሪካ ስለነበር፣ ግብዣውን በእርሱ ስም የተቀበለችው ባለቤቱ ማጊ ናት። ማጊ ኋላ በ1976 እና በ1977 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው የባሪ ሺን እህት ነበረች።

ስማርት ሞተሩን መጀመሪያ ሲያይ ቅር ተሰኘ። ማሽኑ ረጅም ነበር፤ ሻንሲውም ከመንገድ ሞተር የተወሰደ ስለነበር የማቆሚያ እግሩ የሚታሰርባቸው ጆሮዎች እንኳ አልተነሡለትም። በሞዴና የሙከራ ግልቢያ ካደረገ በኋላ ግን ሐሳቡ ተለወጠ። የውድድሩ ዕለት 29ኛ የልደት ቀኑ ነበር፤ በዚያው ዕለት አንደኛ ወጣ። ሁለተኛውም የዱካቲው ብሩኖ ስፓጃሪ ሆነ። አጎስቲኒ ውድድሩን አልጨረሰም።

የታሊዮኒ መላ

ከድሉ በስተጀርባ የነበረው መሐንዲስ ፋቢዮ ታሊዮኒ ነው። ታሊዮኒ ሁለቱን ሲሊንደሮች በ90 ዲግሪ ማዕዘን አቀናጃቸው፤ አንዱ ወደ ፊት ተጋድሟል፣ ሌላው ወደ ላይ ቆሟል። ይህ አሠላለፍ ንዝረትን ይቀንሳል፤ ሞተሩንም ቀጭን ስለሚያደርገው ነፋስ በቀላሉ ያበርደዋል።

ሁለተኛው መላ «ዴስሞድሮሚክ» የሚባለው የቫልቭ አሠራር ነው። በተለመደው ሞተር ቫልቩን የሚዘጋው ሞላ ሲሆን፣ የሞተሩ ፍጥነት እጅግ ሲጨምር ሞላው በጊዜው መመለስ ሊሳነው ይችላል። በዴስሞድሮሚክ አሠራር ግን ቫልቩ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በብረት ክንድ ተገፍቶ ነው። ሐሳቡን ታሊዮኒ አልፈጠረውም፤ የጀርመኑ መርሴዲስ በ1950ዎቹ የእሽቅድምድም መኪናው ላይ ተጠቅሞበታል። ታሊዮኒ ግን ሌሎች የተዉትን አሠራር የዱካቲ መለያ አደረገው።

አሮጌ መልክ፣ አዲስ አካል

ዱካቲ የኢሞላውን ድል ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ገበያ ያወጣው በ1974 ነው። «750 ሱፐር ስፖርት» በሚል ስም ወደ 400 የሚጠጉ ሞተሮችን ሠራ። ብርማ ቀለምና ሰማያዊ የሚያደላው አረንጓዴ ሻንሲ የነበራቸው እነዚህ ሞተሮች ዛሬ በዓለም እጅግ ከሚፈለጉ የሞተር ሳይክል ቅርሶች መካከል ናቸው።

ፖል ስማርት 1000 የወረሰው ይህን መልክ ነው። ንድፉን ያወጣው የደቡብ አፍሪካ ተወላጁ ፒየር ተርብላንሽ ሲሆን፣ «ስፖርት ክላሲክ» የተባለው የሞተሮች ቤተሰብ የመጀመሪያ ናሙናዎች በ2003 በቶኪዮ ዐውደ ርእይ ታይተዋል። የጋላቢውን ደረት የሚከልለው የፊት ሽፋን፣ አረንጓዴው ሻንሲና ባለ ራጂ ቸርኬዎቹ የ1972ቱን ያስታውሳሉ። ሞተሩ ግን 992 ሲሲ ነው፤ ነዳጁን በኤሌክትሮኒክስ ይመጥናል፤ የፊትና የኋላ አስደንጋጭ መቋቋሚያዎቹም የስዊድኑ ኦሊንስ ሥራዎች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። የ1972ቱ ማሽን በተራ የመንገድ ሻንሲ ላይ አዲስ ሐሳብ የተሸከመ ነበር። የ2006ቱ ደግሞ በአዲስ አካል ላይ የቀድሞውን ልብስ ደርቧል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የታሊዮኒ ውርስ ነው፤ የ90 ዲግሪው አሠላለፍና ዴስሞድሮሚኩ ቫልቭ በሁለቱም ውስጥ አሉ።

ገበያው መጀመሪያ ምን አለ?

የስፖርት ክላሲክ ቤተሰብ ሽያጭ ከተጠበቀው በታች ሆነ። የፖል ስማርት መሪ ዝቅ ያለ፣ መቀመጫው ደግሞ ከመሪው የራቀ በመሆኑ ጋላቢው በነዳጅ መያዣው ላይ እንዲጋደም ያስገድደዋል። በከተማ ጉዞ የእጅ አንጓንና ወገብን ያደክማል። የድሮውን መልክ የወደደ ሁሉ የድሮውን ድካም ለመሸከም አልፈቀደም፤ የአስር ዓመቱ ማብቂያ ላይ ምርቱ ቆመ።

ፍላጎቱ የጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። የዚሁ ቤተሰብ ሞተር እ.አ.አ በ2010 በወጣው «ትሮን፦ ሌጋሲ» ፊልም ላይ ታየ። የሬትሮ ሞተሮች ገበያም እየሰፋ ሄደ። በቁጥር የተወሰነው ፖል ስማርት 1000ም ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ሆነ። ይህ ለመታሰቢያ ሞተሮች ሁሉ የሚነሣውን ጥያቄ ያስከትላል፤ ለመንገድ የተሠራ ማሽን በጋራዥ ተሸፍኖ ሲቀመጥ የሚዘከረው ድሉ ነው ወይስ ዋጋው?

ፖል ስማርት ራሱ ሞተር መጋለብን አልተወም። እ.አ.አ በኦክቶበር 2021፣ በ78 ዓመቱ፣ በእንግሊዝ በሞተር ሳይክል ሲጓዝ በደረሰበት የመንገድ አደጋ ሕይወቱ አለፈ። የኢሞላው ድል ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው የቀሩት ስድስት ወራት ብቻ ነበሩ።