ጀግና ማን ነው? ነቀምቴ ሁለት መልስ አላት

ጀግና ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ጠመንጃ ነው። በአማርኛው ፉከራና ሽለላም ሆነ በኦሮምኛው ገራርሳ የሚወደሰው ገዳይ ነው፤ አንበሳ የገደለ፣ ጎሽ የገደለ፣ ጠላት የገደለ። ቋንቋው ይለያይ እንጂ መለኪያው አንድ ነበር። የነቀምቴ ታሪክ ግን ከዚህ መለኪያ ጎን ሌላም መለኪያ አለው።

የመጀመሪያውን መልስ ብዙ ሰው ያውቀዋል። አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ከወደቀች ገና ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች ነቀምቴ አጠገብ ቦነያ ሜዳ ላይ አረፉ። የመጡት ወለጋን ያለ ውጊያ እንረከባለን ብለው ነበር። ለሰኔ 20 አጥቢያ የጥቁር አንበሳ አርበኞች ከበቧቸው። ከአርበኞቹ መካከል ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት እጩ መኮንኖች ነበሩ። የአየር ኃይሉን ጄኔራል ማልዮኮን ጨምሮ 12 ሰዎች ተገደሉ፤ አውሮፕላኖቹም ተቃጠሉ። ከመጡት ውስጥ በሕይወት የተረፉት አንድ የካቶሊክ ቄስ ብቻ ነበሩ።

ንጉሠ ነገሥቱ ተሰደው፣ ጦሩ ተበትኖ፣ ብዙ ሹም ወዴት እንደሚያጋድል ሲያሰላ እነዚህ ልጆች ተኮሱ። ይህ ጀግንነት ነው፤ ክርክር የለበትም።

ሁለተኛው መልስ ከቦነያው ሌሊት 5 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በዚያው በሰኔ ወር፣ በ1923 ዓ.ም. ያረፉ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ጠመንጃ አልያዙም፤ ማንንም አልገደሉም።

ታሪካቸው የሚጀምረው በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ነው። ሂካ የሚባል ልጅ በእ.ኤ.አ. 1869 ገደማ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቀ፤ ከእናቱም ተለየ። ነሲብ የሚለውን ስም ያወጡለት ፈንጋዮቹ ናቸው። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጠ፣ ስምንት ጌታ ቀያይሮ ምጽዋ ደረሰ። እዚያ በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ገዝቶ ነጻ አወጣውና ለስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጠው። በ1872 ሲጠመቅ አናሲሞስ ተባለ። ስሙ ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ የሚጠቀሰው ባሪያ ስም ነው፤ ትርጉሙም «የሚጠቅም» ማለት ነው።

አናሲሞስ ነሲብ ወደ ስዊድን ተልከው 5 ዓመት ተማሩ፤ ተመልሰው ምጽዋ ላይ ትዳር መሠረቱ። ሙያ ነበራቸው፣ ቤት ነበራቸው፣ ነጻነታቸውም በእጃቸው ነበር። ያለፈውን ረስተው በሰላም መኖር ይችሉ ነበር፤ ቢኖሩም ማንም አይወቅሳቸውም። እሳቸው ግን ወደተሸጡበት አገር ለመመለስ ተነሱ።

መመለሱ ቀላል አልሆነም። መጀመሪያ በሱዳን በኩል ዞረው ሞከሩ፤ አሶሳ ላይ መንገዱ ተዘጋባቸው፤ በ1882 ካርቱም ተመልሰው በንዳድ ወደቁ። ሁለተኛው ጉዞ በ1886 እንጦጦ ደረሰ፤ ከዚያ ምኒልክ ወደ ባሕሩ ጠረፍ እንዲመለሱ አዘዙ። በሦስተኛው ተሳካ፤ እሱም በ1904 ነው። ከመጀመሪያው ሙከራ እስከ መጨረሻው ከ20 ዓመት በላይ አልፏል።

እነዚያ ዓመታት ግን በከንቱ አላለፉም። አናሲሞስ ምጽዋ አጠገብ በምትገኘው እምኩሉ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ያዙ። ሥራው ላይ አንድ መራራ ነገር ገጠማቸው፤ ከአገራቸው በልጅነት ስለወጡ የገዛ ቋንቋቸው አላደረሳቸውም። ባርነት ከእናታቸው ጋር ቋንቋቸውንም ቀምቷቸው ነበር።

ያንን ጉድለት የሞላችው አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ናት። እሷም በባርነት ተይዛ ወደ ዓረብ አገር ስትጫን የጣሊያን መርከቦች ባሕር ላይ አስጥለዋት በ1886 እምኩሉ የገባች ነበረች። አስቴር ለትርጉሙ 15 ሺህ ያህል የኦሮምኛ ቃላት ሰበሰበች። ከልጅነቷ የምታስታውሳቸውን ዘፈኖች፣ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና እንቆቅልሾች ጻፈች፤ 500 ያህል ናቸው። በ1894 በታተመው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ብዙዎቹ ገቡ። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899፣ በግዕዝ ፊደል በኦሮምኛ ታተመ። መጽሐፉ ላይ የወጣው ስም የአናሲሞስ ብቻ ነው። የሥራው ትልቁ ድርሻ የአስቴር ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። የጀግና ስም ዝርዝር ሲዘጋጅ ከኋላ የሚቀረው የማን እንደሆነ ከዚህ በላይ ማሳያ አያስፈልግም።

በ1904 ሁለቱም ከሌሎች የኦሮሞ መምህራን ጋር ወለጋ ገቡ። ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ በክብር ተቀበሏቸው። ነቀምቴ ላይ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ አስቴርም መምህርት ሆኑ። ወዲያው ግን ክስ መጣ። በ1906 አናሲሞስ አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርበው እንዲባረሩ ተፈረደባቸው። ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱ፤ መስበክ ግን ተከለከሉ።

ሰውየው እዚህ ላይም መሄጃ ነበራቸው። «ካልሰበክሁ ምን እሠራለሁ?» ብለው ወደ ምጽዋ መመለስ ይችሉ ነበር። አልተመለሱም፤ ለዓመታት ፊደል አስቆጠሩ።

«ይህ የአንድ ሃይማኖት ታሪክ ነው» የሚል ይኖራል። ትርጉሙ የእምነት ሥራ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ያ ፊደል ያወጣው ልጅ፣ ያ መዝገብ ከመጥፋት ያዳነው ቃል፣ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለም።

«ጠመንጃ የያዘ ባይኖር ትምህርት ቤቱን ማን ይጠብቀው ነበር?» የሚልም ይኖራል። ይህ ጠንካራ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው ራሳቸው የጥቁር አንበሳ አርበኞች ዘንድ ነው። እነዚያ ወጣቶች 10 ነጥብ ያለው መተዳደሪያ ነበራቸው። ወታደሩ ለፖለቲካው አመራር ይታዘዛል፤ ገበሬውን ማንገላታት ክልክል ነው፤ ምርኮኛ አይገደልም፤ አገር ጥሎ መሰደድ አይፈቀድም። ሲተኩሱ የነበሩት ሰዎች እንኳ ጀግንነትን በገዳይ ብዛት አልለኩም። የለኩት ገበሬውን ባለመንካትና ሕዝቡን ጥሎ ባለመሄድ ነው። በዚህ መለኪያ የቦነያው ተኳሽና የነቀምቴው መምህር አንድ ሚዛን ላይ ይቀመጣሉ።

ከዓመታት በኋላ የቦጂው ተወላጅ፣ ነቀምቴ ያገለገሉት ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚሁ ሚዛን ተመዘኑ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ደርግ ሲያስራቸው ሲፈታቸው ከቆየ በኋላ፣ በታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ በኩል ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻቸላቸው። ምእመናኔን ጥዬ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ።

ባለፉት ዓመታት ወለጋ ብዙ ደም ፈሶበታል። ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል፤ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ተዘግተዋል። በማኅበራዊ ሚዲያ ግን ጀግና አልጠፋም። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ታጣቂ ፎቶ እየለጠፈ «ጀግናችን» ይላል፤ አንዱ ጀግና ያለውን ሌላው ነፍሰ ገዳይ ይለዋል።

የቦነያን ልጆች እናከብራለን የሚል ሁሉ መተዳደሪያቸውንም ማክበር አለበት። በእነሱ ሕግ ገበሬን የዘረፈ፣ ምርኮኛ የገደለ፣ የማንም ወገን ይሁን፣ ጀግና አይባልም። መንገዱ እያሰጋ፣ ጓደኞቹ ወደ ከተማ እየገቡ፣ እሱ ግን ልጆቹን ይዞ የቀረ የገጠር መምህርስ? የእሱን ፎቶ የሚለጥፍ የለም። አናሲሞስና አስቴር በኖሩበት መለኪያ ከሆነ ግን፣ ከማንም በፊት መጠራት ያለበት የእሱ ስም ነው።